አምስተኛው ጉድጓድ

ሞኝነቴን በገዛ እጄ ጽፌ ለሰው ሳስነብብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ዳባት ሆና ይህን ብታነብ «ምነው ልጄ፣ እኛ አዋቂ ነው እያልን በምናወራበት አገር» ማለቷ አይቀርም። ግን ነገሩን ደባርቅ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም፤ ሌላው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ራሴ እንደሆነው ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቅየሳ ተምሬ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የግል የካርታ ቢሮ ተቀጠርኩ። ተቀጠርኩ ማለትም ይከብዳል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ እየታደሰልኝ «ጊዜያዊ» ነበርኩ። ስሜ ታደለ ነው። የቢሮው ጥበቃ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ «ታደለ ጊዜያዊ፣ ዛሬም አለህ?» ይሉኝ ነበር። እሳቸው ቋሚ ናቸው።

አንድ ባለሀብት ከሊማሊሞ ገደል ሥር እስከ ዛሪማ ባለው ቆላ ወርቅ ሊፈልግ አሰበ። ለዚህም የአካባቢው አሮጌ ካርታ ወደ ኮምፒውተር እንዲገለበጥለት፣ በላዩ ያለው ነገር ሁሉ ዛሬም መኖር አለመኖሩ መሬት ላይ ተኪዶ እንዲረጋገጥለት ቢሮአችንን አዘዘ። ካርታው በንጉሡ ዘመን የተሠራ ነው። ተራራና ሸለቆውን ከአውሮፕላን ፎቶ ነው የገለበጡት። ፎቶ ግን አይናገርም፤ ስለዚህ የወንዙን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የት ምን እንዳለ አንድ ሰው በበቅሎ እየዞረ አገሬውን ጠይቆ ሞልቶታል። በዚያ ካርታ ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ፣ አንዲት ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ምልክት አጠገብ ሁለት የተጠላለፉ ዶማዎች ተሥለዋል። ከሥራቸው በደቃቅ ፊደል «ወርቅ ማውጫ» ይላል።

የቢሮውን ኃላፊ ሁላችንም «ኢንጂነር» ብቻ ነበር የምንላቸው። ጣታቸውን ዶማዎቹ ላይ አሳርፈው «ታደለ፣ ይህን አግኝተህ አረጋግጠህ ከመጣህ የቋሚነት ደብዳቤህን እኔው እፈርማለሁ» አሉኝ።

ስለዚህ እኔ ወደ ቆላ የወረድኩት ቋሚነት ፍለጋ ነው። ወርቁ ምክንያት ነበር።

መንገድ የሚመሩኝን ደባርቅ አገኘኋቸው። ጋሽ ፈንታ ይባላሉ፤ በቅሎ የሚያከራዩ፣ ከቡይት ራስ እስከ ጨነቅ ቱሪስት ሲያመላልሱ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። በቅሏቸው «ኢንስፔክተር» ትባላለች። ምክንያቱን ሳልጠይቅ መንገድ ላይ ደረስኩበት። ያላወቀችው ድንጋይ ስታይ ትቆማለች፣ ታሸተዋለች፣ ዙሪያውን ትመረምራለች፣ ካላመነችበት አታልፍም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን የእግር መንገዱን ስንወርድ የሁለት ሰዓቱን መንገድ በምርመራ ብዛት አራት ሰዓት አደረገችው።

«ጋሽ ፈንታ፣ እታች ወርቅ አለ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው አንዱ ምርመራ ላይ ቆመን።

ጢማቸውን ዳሰሱ። «የታወቀ ነው እንጂ። ከጎጃም ድረስ እየመጡ ያወጡበታል።»

«እርስዎስ አውጥተው ያውቃሉ?»

«ኧረ እኔ ልጄ፣ ለሱ እሚሆን ጭንቅላት አልሰጠኝም። ትንሽ ሞካክሬ ወደ በቅሎዬ ተመለስኩ።»

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «መሪው ራሱ ቀደም ሲል ሞክሯል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ፤ ሆዴ ሲባባ አውጥቼ አነበዋለሁ።

ከቦታው ስንቃረብ አንዲት እናት ምንጭ ዳር ልብስ ያጥባሉ። ሰላምታውን በወጉ ካደረስን በኋላ እዚህ ወርቅ ይወጣ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ይወጣል። ልጆቹ ናቸው እሚያወጡት፣ ከቤተስኪያኑ ሥር ያሉት።»

«ስንት ይሆናሉ፣ እማማ?»

«ሠላሳ አይሞሉም። ጎበዙ ቶሎ ያወጣል። ሰነፉ ወሩን ሙሉ ሰም ታቅፎ ይቀመጣል።»

«ሰሙ ለምንድን ነው?»

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። «ወርቁ በምን ይሸፈን፣ ልጄ?»

ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ወርቁን እንዳይታወቅ በሰም ይሸፍኑታል። የተደራጀ ሥራ ነው።»

እዚህ ላይ ሳትስቁብኝ እንዳልቀራችሁ አውቃለሁ። እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ሰምና ወርቅ ተምሬያለሁ። ለፈተና ሸምድጄው፣ የፈተናው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከራሴ ወጥቷል። ደግሞም ሰው ልቡ አንድ ነገር ላይ ሲጣበቅ ጆሮው የሚሰማው ያንኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የቆሎ ተማሪ ጎጆዎች ተደርድረው አየሁ፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ግን «ድሆቹ ተማሪዎች ወርቅ ቆፍረው ራሳቸውን ይረዳሉ» ብዬ ነው። እንዲያውም አዘንኩላቸው።

ከጎጆዎቹ ፈንጠር ብሎ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ደበሎ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ለብቻው ወዲያ ወዲህ ይላል። ጣቱን እያጠፈ ያጉተመትማል። ኋላ እንዳወቅኩት ዲያቆን ሐዲስ ይባላል፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ የቆየው እሱ ነው።

«ወንድሜ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«እየቆጠርኩ» አለኝ ቆጣ ብሎ። ያሳሳትኩት መሰለኝ።

«ይቅርታ። ወርቁን ነው?»

«እሱ ነው እንጂ የጠፋኝ። ሰሙ ከጠዋት ጀምሮ በእጄ ነው፤ ወርቁ እምቢ አለኝ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ተመስገን ነው። ስምንት ቤት ሞልቶልኝ ነበር። የኔታ ሦስቱን አፈረሱብኝ።»

ስምንት ቤት ሙሉ ወርቅ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ፈንታን ዞር ብዬ ባያቸው ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዙረው ኮርቻውን ያጠብቃሉ። ትከሻቸው ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ፈርተው ነው ብዬ ገመትኩ።

«ለምን አፈረሱት?»

«ከሌላ ሰው የሰረቅኸው ነው ብለው። ውሸት ነው። እኔው ራሴ የዘረፍኩት ነው።»

«የዘረፍከው?»

«እንዴታ፤ እዚህ ዘረፋ ያልቻለ ሰው ከሰው አይቆጠርም። የኔታማ በዘረፋ እሚደርስባቸው የለም። በወጣትነታቸው በየደብሩ እየዞሩ ሲዘርፉ ሊቃውንቱ ሁሉ ይርዱ ነበር አሉ።»

የለበስኩት ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ሲጣበቅ ተሰማኝ። አብያተ ክርስቲያናትን እየዞረ የሚዘርፍ የኔታ። ይሁንና የቋሚነቱ ነገር ከፍርሃቱ በለጠና የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅኩ። «የእሳቸውስ ወርቅ የት ነው ያለው?»

ዲያቆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። «የእሳቸው ብዙው ውስጠ ወይራ ነው። ከላይ ለሚያየው ሰው ምንም የለም፤ ጠልቆ የገባ ነው እሚያገኘው።» ይህን ብሎኝ ጣቱን እያጠፈ ወደ ቁጥቋጦው ተመለሰ።

ከጎጆዎቹ መሀል አንድ ትልቅ ወይራ ቆሟል። ሦስት ሰው ተያይዞ ግንዱን አያቅፈውም። ከሥሩ ድንጋዮች ለመቀመጫ በክብ ተደርድረዋል።

ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለች አንዲት ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። እየሮጥኩ ወጣሁና ለኢንጂነር ላክሁ፦ «ወርቁ ተረጋግጧል። በየቀኑ ይወጣል። ክምችቱ ስምንት ቤት ይሞላል። ባለቤቱ አደገኛ ሰው ናቸው።» መልሱ ላቤ ሳይደርቅ መጣ፦ «ነገ ከባለሀብቱ ጋር እንመጣለን። ለማንም አትናገር።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ተማሪዎቹም መምህሩም ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጠብቄ አካፋዬን ይዤ ወይራው ሥር ሄድኩ። ኢንጂነር ሲደርሱ በእጄ ናሙና ይዤ ልጠብቃቸው ነው ሐሳቤ። ጋሽ ፈንታ ወገባቸውን ስለሚያማቸው አልቆፈሩም፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ትንሽ ወደ ግራ» «አሁን ጠለቅ» እያሉ ያግዙኝ ጀመር። አንዱን ሥር በአካፋው መታሁት፤ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ሁለተኛውን ቆረጥኩት። ጉልበቴ ድረስ ስገባ አካፋዬ ብረት ነካ። አፈሩን በእጄ ገፈፍኩ። የዛገ የሳርዲን ቆርቆሮ ነበር።

«እሱ የሁለተኛው ሰውዬ ነው» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ። «ምሳውን እዚህ ጥላ ሥር እየበላ ቆርቆሮውን ይቀብር ነበር።»

ዞር ስል መቋሚያቸውን የተደገፉ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ነጭ ጥምጥማቸው ላይ ቅጠል ወድቋል። ከኋላቸው ያ ሁሉ ተማሪ በክብ ቆሞ ያየኛል። አካፋዬን ጣልኩና ያለ ምንም ሐሳብ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ።

«ምን ሆኖ ነው እጁን ያነሣው?» ብለው ጋሽ ፈንታን ጠየቁ።

«ዘራፊ ናቸው ተብሎ ነው፣ የኔታ» አሉ ጋሽ ፈንታ። ከዚያ በኋላ ከትናንት ጀምሮ የያዙት ሳቅ አመለጣቸው፤ ከድንጋዩ ላይ ተንሸራተው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ኢንስፔክተር መጥታ አሸተተቻቸው።

ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ቆምኩ ሁሉም ነገር ባንዴ ተገለጠልኝ። ሰሙ፣ ቆጠራው፣ ስምንቱ ቤት፣ ዘረፋው፣ ውስጠ ወይራው። ቆጠራውም ዘረፋውም ቅኔ መቀኘት፣ ቤቱ የቅኔ ስንኝ፣ ውስጠ ወይራውም የቅኔ ዓይነት ነው። የቅኔ ትምህርት ቤት መሀል ነው ወርቅ ስቆፍር ያረፈድኩት። መሬት ብትከፈትልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ እስከ ጉልበቴ ድረስ ከፍቻታለሁ እንኳ።

«ጋሽ ፈንታ፣ ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «እንዲያው ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው፣ ይህን አጣው ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ከሐዲስ ጋር ስትነጋገር አንተም በቅኔ እምትመልስለት መስሎኝ እያደነቅኩህ ነበር» አሉ። «አካፋውን ስታነሣ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ጊዜ ደግሞ ሳቁ አላናግር አለኝ።»

የኔታ ተማሪዎቹን አሰናበቱና ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እንዲቆጡኝ ጠበቅኩ። አልተቆጡም፤ የተቆረጠውን ሥር አንሥተው በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

«አንተ አምስተኛው ነህ» አሉኝ። «አራት ሰው ቀድሞሃል። ሁሉም ያችን ወረቀት ይዘው ነው እሚመጡ። የመጀመሪያውን ሰው ጉድጓድ ድንች አስቀመጥንበት። የሁለተኛውን፣ ይቅር በለኝና፣ ሽንት ቤት አደረግነው። ሦስተኛው ውስጥ በክረምት ውሃ ሞልቶ ሳለ አንድ ተማሪዬ ገባበትና እግሩ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ እሱን ደፈንነው። አራተኛውም እንደዚያው። ከወይራዋ ሥር ግን እስካሁን ማንም አልደረሰም ነበር።»

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላወቅኩም።»

«አንተ ምን ታደርግ። ጥፋቱ የኔ ነው።» መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ያን ጊዜ እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቅኔ አልሞላልኝ ብሎ መምህሬ ከጉባኤው ፊት አዋርደውኛል። እዚያ ምንጩ ዳር ተቀምጬ ሳዝን አንድ ትልቅ ጥላ የያዘ ሰውዬ በበቅሎ መጣ። ሦስት እግር ያለው መነጽርም ነበረው። ‹እዚህ ምን ይሠራል?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹ወርቅ ይወጣል› አልኩት። ‹ብዙ ነው?› አለኝ። ‹ለጎበዝ ሰው ብዙ ነው፤ ለኔ ብጤው ግን ሰሙ ብቻ ይተርፈዋል› አልኩት። ስለራሴ ማልቀሴ ነበር። እሱ ግን እርሳሱን አወጣና ጻፈ።»

«ያን ጊዜ አልነገሩትም?»

ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «አየህ፣ ሲጽፍ ሳየው ገባኝ። ሰሙ ወርቅ፣ ወርቁ ደግሞ ቅኔ የሆነበት ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል? ሰው ሰሙን ተሸክሞ በበቅሎ ሲሄድልኝ በዓይኔ አየሁ። ደስ አለኝ። ሮጬ እንኳ አልጠራሁትም። በዕድሜዬ ሙሉ ከዚያ የተሻለ ቅኔ አልተቀኘሁም፤ ኃጢአቴም እሱው ነው። ለመጡት ሁሉ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ ምላሴ ለምዶበት ግን በሰም ጠቅልዬ ነው። ወረቀት ያመነውን ሰው አፍ አያስለውጠውም። ሳልሞት ያች ምልክት ከወረቀቱ እንድትነሣልኝ ነው እማለቅሰው። እሷ እያለች እኔ ብሞት ማን ይነግርላቸዋል? እስቲ ንገረኝ፤ ያን ወረቀት እሚያርመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ በጣም ትንሽ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ የላክሁትን መልእክት ነገርኳቸው። ሰዎቹ ዛሬ ይደርሳሉ፤ ከተስማማቸው ደግሞ አካፋ ሳይሆን ማሽን ነው የሚያስገቡት። የኔታ ጥቂት አሰቡና «ጥሩ ነው። እኔን ይጠይቁኝ። ዘንድሮ ያለ ሰም እመልስላቸዋለሁ» አሉ።

እኩለ ቀን ላይ መጡ። ኢንጂነር ባርኔጣቸው በላብ ርሶ ነበር። ባለሀብቱ ነጭ ስኒከር አድርጎ ነበር የተነሣው፤ መንገዱ ላይ ተንሸራቶ ስለወደቀ ስኒከሩም ሱሪውም አንድ ዓይነት ቀለም ሆነዋል። ገና ሰላም ሳይል ጉድጓዴን አየና «ተጀምሯል ማለት ነው» አለ ደስ ብሎት።

ተማሪዎቹ ከወይራው ሥር ተሰብስበዋል። የኔታ በመደባቸው ተቀምጠዋል። ባለሀብቱ ጎንበስ ብሎ መስቀላቸውን ከተሳለመ በኋላ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «አባቴ፣ እዚህ ወርቅ አለ?»

የኔታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አፋቸው ሁለት ሦስቴ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያ ሁሉ ዓመት የሰለጠነ ምላስ ነው፤ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይቸገራል። እንደምንም አፈኑትና ተናገሩ።

«የለም።»

ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኒህ ሰው ውሃ ጠማኝ ሲሉ እንኳ ትርጓሜ አያጡበትም ነበር። ከፊት ረድፍ የቅኔውን ዓይነት የሚገምት ማጉተምተም ተነሣ። አንዱ «ኅብር ነው?» አለ። ሌላው «አይ፣ ሰረዝ ሳይሆን አይቀርም» አለው። ዲያቆን ሐዲስ ጣቱን እያጠፈ አሰበ፣ ፊቱ በራና ጮክ ብሎ «ገባኝ፤ የለም ሲሉ የለም መሬት ነው ያሉት። ለም ናት ማለት ነው፣ መሬቲቱ» አለ።

«ሐዲስ፣ ዝም በል» አሉ የኔታ። «የለም ማለት የለም ማለት ነው።»

ተማሪዎቹ ይህንንም ወደ መተርጎም ገቡ። ባለሀብቱ ግን «መሬቲቱ» የምትለዋን ቃል ይዟል። ኢንጂነርን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «ሰምተዋል? መሬቱ ውስጥ ነው አሉ። እኔን አያሞኙኝም። የዚህ አገር ሰው የለም ሲል አለ ማለት ነው» አለ።

የኔታ ዓይናቸውን ወደኔ መለሱ። ቀልድ አልነበረበትም። ወጣት ሳሉ የዋሹት ሳይሆን የቀለዱት ሁሉ ታምኖ፣ በስተርጅና የተናገሩት አንድ ጥሬ እውነት ግን አልታመነም።

ኢንጂነር ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቅኔ ቤት መሆኑን፣ ካርታው ላይ ያለው ምልክት ከመጀመሪያውም ስሕተት መሆኑን። ሞኝ አይደሉም፤ ወዲያው ገባቸው። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ከዚያ ቅጹን ከቦርሳዬ አወጡት። በቅጹ ላይ ለእያንዳንዱ ምልክት ሦስት ሣጥን አለ፦ «አለ»፣ «የለም»፣ «አልታወቀም»።

«ስማኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማንም ዋሽ አላለህም። ‹አልታወቀም› በልና ምልክት አድርግ። ሰውየው ፈቃዱን አውጥቶ ይቆፍር፤ ካጣ ይተወዋል። እኛም ሥራችን ይቀጥላል፤ አንተም ሰኞ ደብዳቤህን ትወስዳለህ።»

እውነቱን ልናገር፤ እጄ ወደ «አልታወቀም» ሄዶ ነበር። ሦስት ዓመት ብዙ ነው። የጥበቃው ሰላምታ፣ እናቴ ለጎረቤት ያወራችው ነገር ሁሉ በዓይኔ ላይ ሄደ። «አልታወቀም» የምትለዋ ቃል ደግሞ ደግ ቃል ናት፤ ማንንም አትጎዳም የምትል ትመስላለች። ግን ታውቆ ነበር። ጉድጓድ ቆፍሬ ያወቅኩትም እኔው ነኝ። ‹አልታወቀም› ብል ስድስተኛውንና ሰባተኛውን የምጠራው እኔ እሆናለሁ፤ የኔታም እውነቱን ተናግረው ሳይታመኑ ይሞታሉ።

እስክሪብቶውን ተጭኜ «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። ከሥሩ «ስሕተቱ የጠያቂው ነው፤ ቦታው ትምህርት ቤት ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ምስክር ያስፈልግ ስለነበር የኔታ በቁም ጽሕፈት ስማቸውን አሰፈሩ፣ ጋሽ ፈንታም ፈረሙ። በቢሮው ደንብ አንዱ ቅጂ ከአገሬው ጋር ይቀራል። የኔታ ተቀብለው እጥፍ አድርገው ብብታቸው ውስጥ አስገቡት። ያችን ወረቀት ከዚያ የሚያወጣ ኢንጂነር ገና አልተወለደም።

ባለሀብቱ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሱሪውን አየ። «እንግዲያ ለምን ጠራችሁኝ?» አለ። ከምልክቱ ጋር ፈቃድ የመጠየቂያ ምክንያቱ አብሮ ሄዷልና ጥቂት ተነፋርቆ መንገድ ጀመረ። ኢንጂነር ሊከተሉት ሲሉ ወደኔ ዞር ብለው «ታደለ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጊዜያዊም አይደለህም» አሉኝ። ሰውየውን አልጠላቸውም። ነገሩን ባጭሩ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የቆፈርኩትን ስመልስ ዋልኩ። ዲያቆን ሐዲስ አፈር እያቀበለኝ፣ ለሥሩ የሚሆን እርጥብ ጭቃ እያቦካ ረዳኝ። ወይራዋ ተርፋለች።

አሁን የምኖረው ደባርቅ ነው። የገበሬ ማሳ እለካለሁ፣ የወሰን ክርክር ላይ ተጠርቼ ገመድ እዘረጋለሁ። ማንም በየስድስት ወሩ አያድሰኝም፤ ማንም ቋሚ አላደረገኝም። መሣሪያዬን የምትሸከመው ኢንስፔክተር ናት። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ከዚያ ቀን ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ አንዲት ቃል ነው፦ «ማለት?» አንድ ሽማግሌ «ድንበሬ ከዚያች ዛፍ ወዲህ ነው» ሲሉኝ «ማለት?» እላለሁ። «ወዲህ» ሲሉ ከየት ቆመው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሰውን እስክታሰለቹት ድረስ ጠይቁ፤ ሰውን ያሰለቸ ጠያቂ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። የደባርቅ ሰው በዚህ የተነሣ «ታደለ ማለት» ብሎኛል። ከ«ጊዜያዊ» ይሻላል።

የዚያችን ቦታ ስም ግን እዚህ አልጽፍም፤ ስጽፍ የሚቆፍር አይጠፋም።

አዲሱ ካርታ ታትሞ የወጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቅጂ ላከልኝ። ጠቅልዬ ወረድኩና የኔታን ወይራዋ ሥር አገኘኋቸው። ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ገደሉን፣ ምንጩን፣ ቤተ ክርስቲያኗን በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ እየጎተቱ ሄዱ፤ ከዚያ ዶማዎቹ ከነበሩበት ላይ ቆሙ። ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

«እዚህ ላይ ምን ጻፍክ?»

«ምንም አልጻፍኩም፣ የኔታ።»

ተማሪዎቹ መነሻውን ሳያውቁ ፊታቸውን ያያሉ። የተማሪ ቅኔ ሰምና ወርቁ ገጥሞ ሲሞላ ብቻ የሚሰጡት፣ ዲያቆን ሐዲስ እንኳ በስንት ዓመት አንዴ የሰማው ቃል አለች። ጣታቸውን ከባዶው ቦታ ሳያነሡ፣ ለኔ ሰጡኝ።

«ይበል» አሉ።